«የ1750 ነው» ተብዬ የገዛሁት የብር ሙዳይ

ሆላንድ ያላችሁ፣ እንደኔ አሮጌ የብር ዕቃ ሲያዩ እግራቸው የሚታሰር ሰዎች፣ ይቺን አንብቡ። እኔ 700 ዩሮ ከፍዬባታለሁ።

ለአማቴ ስጦታ ብዬ አምስተርዳም ውስጥ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የሻይ ቅጠል ማስቀመጫ የብር ሙዳይ ገዛሁ። ሰውዬው «የ1750 ነው፤ ሥዕሉን አታየውም?» አለኝ። ሥዕሉ እውነትም ያፈዛል። ከመጠጥ ቤት ደጃፍ የሚጨፍሩ ገበሬዎች፣ ከኋላቸው የነፋስ ወፍጮ፣ ጥግ ላይ የተጠቀለለ ውሻ። ሥዕሉን ሳይ የብሩን ጥራት የሚናገረውን ማህተም ረሳሁት።

ቤት ገብቼ ከሥሩ በአጉሊ መነጽር ስመለከት የሚራመድ አንበሳ ከ2 ቁጥር ጋር፣ አጠገቡ ደግሞ የራስ ቁር የደፋች የሮማውያን አምላክ የሚኔርቫ ጭንቅላት አለ። እነዚህ ማህተሞች ሆላንድ ውስጥ መመታት የጀመሩት በ1814 ነው! እስከ 1953 ድረስ የሚራመደው አንበሳ ከሺው 833 እጅ ብር ማለት ነበር። በሁለት እግሩ የቆመው፣ 1 ቁጥር ያለበት፣ 934 ነው። ሚኔርቫ ቁሯ ላይ ያለችው ፊደል የተመረመረበትን ከተማ ትነግራችኋለች፤ «ኤ» አምስተርዳም ነው። ለብቻዋ የተመታች ሌላ ፊደል ካለች ዓመቱን የምትናገረው እሷ ናት።

ከዚያ ሥዕሉን እንደገና አየሁት። በፊትም በጀርባም ያው ጭፈራ ነው፣ እሱስ ይሁን። ግን የወፍጮው አንድ ክንፍ ጫፉ ላይ ጎደል ብሏል፤ በሁለቱም ጎን፣ እዚያው ቦታ ላይ። አንጥረኛ በእጁ ሲቀርጽ ሁለቴ እንዲህ አንድ ዓይነት አይሳሳትም። በማተሚያ ተጨፍልቆ የወጣ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ እንዲህ ያለ ጥንታዊ መሳይ ዕቃ በብዛት ይሠራ ነበር።

ብርነቱን አልክድም። ሚዛን ላይ 210 ግራም ነው፤ ንጹሑ ብር 175 ገደማ ይሆናል። የተዋሸው ዕድሜው ነው፤ እኔም የከፈልኩት ለዕድሜው ነበር።

ይዤው ስመለስ ነጋዴው ቀልጠፍ ብሎ «ደረሰኝህን አንብበው» አለኝ። በደች «በ18ኛው ክፍለ ዘመን ስታይል» ይላል። ስታይል! የዘመኑን መሳይ ማለት እኮ ነው። አፉ 1750 ሲል እጁ ስታይል ጽፏል። እንግዲህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የሚሉትን ዓመት ደረሰኙ ላይ በቁጥር አስጽፉ፤ እንቢ ካሉ ዕቃውን አስቀምጡላቸው።

ሙዳዩ አሁን ኩሽና ውስጥ ነው፣ ኮረሪማ ይዟል። ለአማቴ ሻርፕ ገዛሁላት።