የ30 ቀን ልብ ወለድ፦ ንድፍ ይዞ ወይስ በባዶ ገጽ?

እ.ኤ.አ. በ1999 ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ 21 ሰዎች የጀመሩት የአንድ ወር ልብ ወለድ የመጻፍ ፈተና ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 50,000 ቃል በ30 ቀን፣ በቀን 1,667 ገደማ። ሰው የሚከራከረው ዝግጅቱ ላይ ነው።

ንድፍ ያወጣ ሰው ጠዋት ሲቀመጥ የቱን ትዕይንት እንደሚጽፍ ያውቃል። ችግሩ፣ ንድፍ መንደፍ ራሱ መጻፍ ይመስላል። እኔ አንድ ጊዜ የገጸ ባሕርያቴን ዘር እስከ ቅድመ አያት ስቆጥር ወሩ ገባ፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ግን አንድ መስመር እንኳ አልነበረውም።

ያለ ንድፍ የጀመረ ደግሞ የመጀመሪያውን ሳምንት ይበርራል። ሴትዮዋ በሩን ስትከፍት ከጀርባው ማን እንዳለ ጸሐፊውም አያውቅም፤ ለማወቅ ሲል ይጽፋል። ጣጣው የሚመጣው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ታሪኩ መንገድ ይስታል፣ ወንበሩ ይከብዳል። ሁለት ቀን ከዘለለ በሦስተኛው 5,000 ቃል ይጠብቀዋል፤ ብዙው ሰው የሚያቆመው እዚህ ይመስለኛል።

እኔ ወደ ንድፍ አደላለሁ፣ አጭር ከሆነ። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ዋናው ሰው ምን ይፈልጋል፣ ማን ይከለክለዋል፣ መጨረሻው ወዴት ነው።

ወኔን ለማቆየት ግን ከሁለቱም ጋር የሚሄድ ዘዴ አለ፦ ዓረፍተ ነገሩን ግማሽ ላይ ትቶ መነሳት። በማግስቱ «በሩን ስትከፍተው» የሚል ቁራጭ ይጠብቅሃል፤ እጅህ ሳታስበው ይቀጥላል።