ጓሳ ወይስ ወፍ ዋሻ? ሦስት ቀን በእግር ለመጓዝ ከመክፈልዎ በፊት

አስጎብኚ ይዞ፣ ድንኳን አስጭኖ፣ ሁለት ሌሊት ደጋ ላይ ማደር ለሚፈልግ ሰው ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሁለት በጣም የተለያዩ ጉዞዎች አሉ። አንዱ የመንዝ ጓሳ ነው። ሌላው ከአንኮበር በላይ ካለው የገደል ጫፍ ወደ ወፍ ዋሻ ጫካ የሚወርደው ነው። በማስታወቂያ ላይ ይመሳሰላሉ፦ ሦስት ቀን፣ ሁለት ሌሊት፣ ጭላዳ፣ ንጹሕ አየር። መንገድ ላይ ግን ጓሳ ሳንባን ይፈትናል፣ ወፍ ዋሻ ጉልበትን። ዋጋ ከማወዳደር በፊት ለራስዎ የትኛው እንደሚከብድ ይለዩ።

ጓሳ፦ ሜዳው ቀላል፣ ሌሊቱ ከባድ

ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ የሣር ምድር ነው። ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ጣርማበር ላይ ከደሴ መንገድ ተገንጥለው ወደ መሐል ሜዳ አቅጣጫ ይሄዳሉ። የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ባህላዊ የጋራ መሬት አስተዳደር ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚታጨደው፣ ከብትም የሚገባበት ቄሮው ሲፈቅድ ብቻ ነበር፤ አንዳንዴ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ በኋላ ደግሞ ቦታው የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ሆነ። ይህ ታሪክ ጉዞውን ለሚገዛ ሰው ተግባራዊ ትርጉም አለው። አስጎብኚውም ጠባቂውም አጋሰሱም የሚገኘው ከአካባቢው ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ ጥቅል ሲገዙ የማኅበረሰቡ ክፍያ በዋጋው ውስጥ መግባቱን በጽሑፍ ያረጋግጡ። ካልገባ ጓሳ ሲደርሱ ሁለተኛ ጊዜ ይከፍላሉ።

መሬቱ ብዙ ዳገት የለውም፤ በቀን ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሜትር መሄድ ለጤነኛ ሰው አይከብድም። የሚያስቸግረው ራሱ ጓሳ የሚባለው ሣር ነው። ሣሩ ጉብ ጉብ እያለ ስለሚበቅል በመካከሉ ያለው ጉድጓድና የአይጥ ዋሻ አይታይም፣ ቁርጭምጭሚት የሚታጠፈውም እዚያ ነው። ስለዚህ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚታሰር ጫማ ያድርጉ፤ አዲስ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቤት አካባቢ ይልመዱት። ክረምት ከወጣ በኋላም ረግረጉ ለሳምንታት ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ሦስት ጥንድ ካልሲ አይበዛም። ጥላ የሚባል ነገር የለም። አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ ፊት ይልጣል፤ ባለ ሰፊ ክፈፍ ኮፍያና የፀሐይ ቅባት ያስፈልጋል።

ጓሳን ከወፍ ዋሻ የሚለየው ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፣ ጓሳ ላይ ያሉት ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው። ቀን ለቀን አይጥ የሚያድን አውሬ በመሆኑ የማየት ዕድሉ ጥሩ ነው፤ ይበልጥ የሚቀናው ግን በማለዳና ወደ ማምሻው ላይ ነው። ቁርስ አብልቶ ሦስት ሰዓት ላይ የሚያስነሳ መርሐ ግብር ይህን ዕድል ያባክናል። «ቀበሮ እናሳያለን» ብሎ ዋስትና የሚሰጥ ሻጭም አይመኑ። ውሻ ይዞ መሄድ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ ከመንደር ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮውን ከሚያጠፉት ነገሮች ዋናው ነው። ጭላዳውን ለማየት ግን መጣደፍ አያስፈልግም፤ ገደል ላይ አድሮ ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሣሩ ይወጣል።

አሁን ወደ ሌሊቱ። ከኅዳር እስከ ጥር ጓሳ ላይ ውርጭ ይወርዳል፣ ሙቀቱም ከዜሮ በታች ይሆናል። አብዛኛው ቅሬታ የሚመጣው ከመኝታ ነው፣ ምክንያቱም ስሊፒንግ ባግ ላይ ሁለት ቁጥር ይጻፋል፦ አንዱ ተመችቶ የሚተኙበት፣ ሌላው ኩርምት ብለው የሚያነጉበት። «እስከ ዜሮ ዲግሪ» ተብሎ የሚከራየው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። ለጓሳ የምቾት ቁጥሩ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ የሆነ ይጠይቁ፤ ከሌለ የበግ ጠጉር ባና ይደርቡበት፣ ለዚህ ብርድ የተሠራው እዚያው መንዝ ነው። ከታች የሚመጣውን ብርድ ግን መደረብ አያቆመውም። ሰውነት የተኛበት የስሊፒንግ ባግ ክፍል ተጨፍልቆ አየር ስለማይዝ፣ መሬቱ ሙቀትዎን ሲስብ ያድራል። በአንድ ሰው ሁለት ስፖንጅ መኖሩን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ።

ከፍታውም ቀልድ አይደለም። 3,500 ሜትር ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ወለል ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ነው። የደብረ ብርሃን ሰው 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚኖር ብዙም አይሰማው ይሆናል። ከአዳማ ወይም ከድሬዳዋ የሚመጣ ሰው ግን ደብረ ብርሃን ላይ አንድ ሌሊት ቢያድር ይሻለዋል። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽና ከእንቅልፍ ማጣት ጋር ከመጣ ከዚያ በላይ አይወጣም፤ ካልተሻለ ይወረዳል። መንገዳገድ፣ መደናገር ወይም በእረፍት ላይም የማይለቅ ትንፋሽ ማጠር ከታየ ንጋትን መጠበቅ የለም፤ በዚያው ሌሊት መውረድ ነው። ለዚህ ጓሳ ትልቅ ጥቅም አለው፦ የመኪና መንገድ አምባውን አቋርጦ ያልፋል።

ወፍ ዋሻ፦ የሚሞቅ ሌሊት፣ የሚያንቀጠቅጥ ቁልቁለት

አንኮበር ከደብረ ብርሃን 42 ኪሎ ሜትር ነው። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረውን ኮረብታ በግማሽ ቀን አይቶ ጉዞውን መጀመር ይቻላል። ወፍ ዋሻ ከአንኮበር በስተ ሰሜን፣ በደብረ ሲና አቅጣጫ ገደሉን ይዞ የሚወርድ ጥንታዊ ጫካ ነው፤ ከ3,700 ሜትር እስከ 1,650 ሜትር ድረስ ይዘልቃል። ከላይ አስታና ጅብራ፣ ዝቅ ሲሉ ኮሶ፣ ከዚያ ጥድ፣ ዝግባና ወይራ ያገኛሉ። የመናገሻ ሱባን ጥድ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘሩን ከዚህ አስወስደው አስተከሉት ይባላል። ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ እዚህ አሉ። ገደሉ ጫፍ ላይ ደግሞ በአንኮበር ስም የምትጠራው ትንሽ ቡናማ ወፍ ትገኛለች፤ ለሳይንስ የታወቀችው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ወፍ ለሚወድ ሰው ከጓሳ ይልቅ ይህን እንመክራለን።

ሌሊቱ ዝቅ ባሉ ቁጥር ይለዝባል፣ ዛፉም ነፋስ ይከላከላል፤ ጓሳ ላይ የማይበቃ ስሊፒንግ ባግ እዚህ ሊበቃ ይችላል። ዋጋውን የሚከፍለው ጉልበት ነው። በአንድ ቀን እስከ 1,000 ሜትር ቁልቁል የሚያስወርድ መርሐ ግብር ከቀረበልዎ በሁለት ቀን እንዲከፈል ይጠይቁ፤ ጭን ዝሎ እግር መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው መውደቅ የሚመጣው። ሁለት ምርኩዝ ይያዙ፣ ቁልቁል ላይ ከዳገቱ ረዘም ያድርጓቸው። የጫማዎን ማሰሪያ ከአናቱ ያጥብቁ፤ አለዚያ የእግር ጣት ጥፍር ከጫማው ጫፍ ጋር ሲጋጭ ውሎ ይጠቁራል። ዝናብ ከጣለ ሥሩና ቅጠሉ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ሳማ ስላለ ሱሪው ረጅም ይሁን። ጫካው ውስጥ መኪና አይገባም፤ እግሩ የተሰበረ ሰው በቃሬዛ ነው የሚወጣው። ቡድኑ ቃሬዛ የሚይዝ በቂ ሰው እንዳለው መጠየቅ ነውር አይደለም።

የአጋሰስ ነገር ሁለቱን ይለያቸዋል። ጓሳ ላይ ጭነቱን እንስሳ ይዞት ይሄዳል፤ በአንዱ ላይ ከ40 ኪሎ ብዙ ባይበልጥ፣ በሁለቱ ጎን እኩል ቢከፈል ጥሩ ነው። ጎኑ ካልተመጣጠነ ኮርቻው ይዞራል፣ ጀርባውም ይቆስላል። የወፍ ዋሻ መንገድ ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ጫፍ ገብቶ በሌላው የሚወጣ ስለሆነ ነጂው እንስሳውን ይዞ ወደ መንደሩ የሚመለስበት ቀን አለ። ያ ቀን በሂሳቡ መግባቱን አስቀድመው ይጠይቁ፤ በመጨረሻው ቀን ከሚነሱ ጭቅጭቆች አብዛኛው ከዚህ ነው።

ምግብና እሳት

3,500 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ምስርና ባቄላ ቶሎ አይበስልም፣ ነዳጅም ይበላል። ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ በሶና ቆሎ የተሻሉ ናቸው። የምንጭ ውሃ የቱንም ያህል ቢጠራ ሦስት ደቂቃ ይፍላ። ተራ የቡታጋዝ ጣሳ ውርጭ ላይ ነበልባሉ ይደክማል፤ ፕሮፔን የተቀላቀለበት ይሻላል። ማገዶ ከቦታው የሚሰበስብ ቡድን ከሆነ ሌላ ይፈልጉ፤ አስታ ቆርጦ ሻይ ማፍላት ጫካውን ነው የሚበላው።

ቀኑ ሲመረጥ ጾምን ይቁጠሩ። በሁዳዴ አስጎብኚዎና ነጂዎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ ሊጓዙ ይችላሉ፤ ረጅሙን መንገድ ለጠዋት ያድርጉት። የተሻለው ወቅት ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥር ነው። የበልግ ዝናብና ጉም ከመጣ ከገደሉ ጫፍ ምንም አይታይም፣ ይህ ደግሞ ከጓሳ ይልቅ ወፍ ዋሻን ይጎዳል።

ሐይቅ የሚፈልጉ ከሆነ

«የተራራ ሐይቅ» ብሎ ጓሳን የሚሸጥልዎ ሰው ካለ የሚያሳይዎ ረግረግና ኩሬ ነው። ያምራል፣ ግን ሐይቅ አይደለም። ድንኳን ጥለው የሚያድሩበት እውነተኛ የውርጭ አገር ሐይቅ ያለው ባሌ ነው። ጋርባ ጉራቻ የጥንት በረዶ በቦረቦረው ሸለቆ ውስጥ 3,950 ሜትር ላይ ይገኛል፤ የሳነቴ አምባ ትናንሽ ሐይቆች ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ናቸው፣ በበጋም ይሸሻሉ። የባሌ ተራሮች ፓርክ መግቢያ ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ፣ ከደብረ ብርሃን ሲነሱ መንገዱ ብቻ ሁለት ቀን ይበላል። በአምስት ቀን አጣድፎ የሚያደርስ ጥቅል አይግዙ። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመረጣል።

በመጀመሪያ ጉዞው ጉልበቱን የሚያመው ሰው ጓሳን ይምረጥ፤ ብርድ የማይችል ወፍ ዋሻን፤ ልጅ ይዞ የሚሄድም ወፍ ዋሻን፣ ለዚያውም የላይኛውን ጫካ ብቻ ዞሮ የሚመለሰውን። የትኛውንም ሲይዙ ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ደውለው የመንገዱን ፀጥታ ይጠይቁ፤ በዚህ ምክንያት ጉዞ ቢሰረዝ ገንዘቡ ስንት እንደሚመለስ፣ በስንት ቀን እንደሚመለስ፣ ከሻጩ ስም ጋር በወረቀት ላይ ይጻፍ።