ናና እና የንጉሡ መርከብ፦ በኖቫ ስኮሻ ቤተ መዛግብት ስምንት ወር

ነገሩ የጀመረው በልጄ የቤት ሥራ ነው። አምስተኛ ክፍል ናት። አስተማሪዋ «የዘር ሐረጋችሁን ሙሉ» ብላ ባለቅርንጫፍ ዛፍ የተሣለበት ወረቀት ሰጠቻት። የኔ ወገን አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ደሴ ደወልኩ። አባዬን ስለ ቅድመ አያቶቹ ብጠይቀው እስከ ሰባት ቤት ሳይተነፍስ አወረደልኝ። «ቆይ አባዬ፣ ልጻፈው» ብዬ ሁለቴ አስቆምኩት። የዛፉ ቅርንጫፍ አልበቃ ብሎን ወደ ወረቀቱ ጀርባ ዞርን። ድሮ ሰው ሲጋባ ዝምድና እንዳይኖር እንዲህ ይቆጠር የለ? አባዬ አልረሳውም።

በባሌ በኩል ግን ሦስት ቅርንጫፍ ሞልተን ቆምን። ባሌ ጥቁር ካናዳዊ ነው፤ የኖቫ ስኮሻ ልጅ። ቤተሰቡ ከሸልበርን አካባቢ ነው። አያቱን ሁላችንም ናና ነው የምንላቸው። 91 ዓመታቸው ነው። ከየት እንደመጡ ስትጠይቋቸው መልሳቸው አንድ ነው፦ «በንጉሡ መርከብ ነው የመጣነው።» የቱ ንጉሥ? የቱ መርከብ? «እሱን እንግዲህ አንቺ ፈልጊ።»

ፈለግኩ። ይኸው ስምንት ወር ሆነኝ። በነዚህ ወራት በብዛት የተገለገልኩበት የኖቫ ስኮሻ ቤተ መዛግብት ነው። ሃሊፋክስ ዩኒቨርሲቲ ጎዳና ላይ ያለው። የአገራችንን ወመዘክር የምታውቁ እንደዚያ አስቡት። እዚህ አገር ተጋብታችሁ፣ ወልዳችሁ፣ ልጆቻችሁ የሌላኛውን ወላጅ ዘር የሚጠይቋችሁ ካላችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የምጽፈው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ታሪኩን ባጭሩ። በ1775 አሜሪካኖች በእንግሊዝ ላይ ሲነሱ ከንጉሡ ጎን የቆሙ ሰዎች ነበሩ፤ ሎያሊስት ይባላሉ። ለአሜሪካኖቹ ባንዳ፣ ለካናዳ መሥራች አባት። ከነሱ መሃል በባርነት የነበሩ ጥቁሮች አሉ። በ1779 የእንግሊዙ ጄኔራል ሄንሪ ክሊንተን ከአማፂ ጌታው ሸሽቶ ወደኛ ለመጣ ሁሉ ከለላ እንሰጣለን ብሎ አዋጅ አወጣ። ሰው ጎረፈ። እንግሊዝ ጦርነቱን ተሸነፈችና በ1783 መርከቦች ከኒውዮርክ ጭነው አወጧቸው። 3,000 ገደማ ነፃ ጥቁሮች ኖቫ ስኮሻ ደረሱ። ትልቁ ሰፈራቸው ከሸልበርን ጥግ ያለው በርችታውን ነው። ቃል የተገባላቸው መሬት ለብዙዎቹ አልደረሳቸውም፤ የደረሳቸውም ድንጋይ ነው።

እንግዲህ ናና የሚሉት መርከብ ይህ መሆን አለበት ብዬ ተነሳሁ። እዚህ ላይ ነው የተሸወድኩት።

ስሙን የማልጠራው አንድ የክፍያ ድረ ገጽ አለ። አሥራ አራት ቀን ነፃ ይላል። ካርዴን አስገባሁ። የምሠራው የአረጋውያን መጦሪያ ቤት የሌሊት ፈረቃ ስለሆነ ቀኑ ተምታታብኝ፤ ሳልሰርዘው የስድስት ወር ሂሳብ ላጥ። እሱስ ይሁን። የባሰው የሰጠኝ ዛፍ ነው። ሰዎች የሠሩትን ዛፍ እያመጣ «ይህ አያትዎ ሊሆን ይችላል» ይላል። አንተም አዎ፣ አዎ እያልክ ትነካለህ። በአንድ ሌሊት አሥራ አንድ ትውልድ ወጥቼ እንግሊዝ አገር አንድ ባላባት ደጃፍ ላይ ደረስኩ! ለባሌ በኩራት አሳየሁት። እሱ ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና «ይህቺ ሴትዮ ልጇን ስትወልድ ስድስት ዓመቷ ነው» አለኝ። ላፕቶፑን ዘጋሁ።

በነጋታው ቤተ መዛግብቱ ሄድኩ። መግቢያው ነፃ ነው። ቦርሳና ካፖርት ሎከር ውስጥ ይቀራል። እስክሪብቶ አይገባም፤ እርሳስ ብቻ። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሠራተኛ ስለ በርችታውን ስጠይቃት ወደዚያ አልወሰደችኝም። «አያትየው መቼ ተወለዱ? እናትና አባታቸውስ?» አለችኝ። ከ1783 ወደ ታች አይወረድም፤ ከራስህ ተነስተህ አንድ አንድ ደረጃ ነው የሚወጣው። አንዱን ወላጅ በወረቀት ሳታስር ወደ ቀጣዩ አትሄድም። ይህን ምክር ለማግኘት ምንም አልከፈልኩም።

የኖቫ ስኮሻ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ በኢንተርኔት ተለቋል። ዋናው ገጽ በፎቶ ይታያል፣ በነፃ። የሚከፈለው ኮፒ ከፈለጋችሁ ነው። ጋብቻ ከ1864 ጀምሮ አለ። ወርቁም እሱ ነው፤ የሙሽሮቹ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ፣ የሁለቱም ወላጆች ስም ይጻፍበታል። አንድ የጋብቻ ገጽ አንድ ትውልድ ያሻግራል። ልደትና ሞት ግን በ1864 ይጀምርና በ1877 ይቆማል። እንደገና የሚቀጥለው በ1908 ነው። በመሃል ያሉት ሰላሳ ዓመታት ባዶ ናቸው።

የናና አባት ደግሞ የተወለዱት በ1889 ነው። ልክ ጉድጓዱ ውስጥ።

ተስፋ ልቆርጥ ስል ያቺው ሠራተኛ «ዘግይተው የተመዘገቡትን አይተሻል?» አለችኝ። ለካ ሰዎች ሲያረጁ ለጡረታ የዕድሜ ማስረጃ ሲጠየቁ በኋላ ያስመዘግቡ ነበር። ስሙን ጻፍኩ። አንድ ገጽ ወጣ። አመልካቹ የናና አባት፤ ዕድሜ ሰባ። ልደታቸውን አይቻለሁ ብላ የማለችው ምስክር ታላቅ እህታቸው። ፊርማ በሚለው ቦታ ላይ ስም የለም። X ብቻ። ቀለሙ አንዱ እግር ላይ ወፍሮ ሌላው ላይ ቀጥኗል፤ እጇ የተንቀጠቀጠ ይመስላል። ከጎኑ በሌላ ሰው እጅ «ምልክቷ» ተብሎ ተጽፏል።

አትሜ ለናና ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። «አክስቴ ናት» አሉ። «መጻፍ አትችልም ነበር። ግን የሁላችንንም ልደት፣ ቀኑን፣ የነበረውን ዝናብና በረዶ ሳይቀር በቃሏ ነው የምታውቀው።» እኔ ደግሞ ደሴ ያለው አባዬ ትዝ አለኝ።

ከዚያ ወደ ላይ መውጣቱ ቀለል አለ። የ1871 የካናዳ ቆጠራ ኦታዋ ያለው የብሔራዊው ቤተ መዛግብት ገጽ ላይ በነፃ አለ። በኖቫ ስኮሻ የቤተሰቡን ሰው ሁሉ በስም የጻፈ የመጀመሪያው እሱ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚጻፈው የቤቱ ኃላፊ ብቻ ነበር። «ዘር» የሚል ዓምድ አለው፤ አፍሪካዊ ይላል። የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን የሚያስተዳድረው ፋሚሊሰርችም ነፃ ነው፤ አካውንት መክፈት ብቻ ነው። አንድ ዘዴ ልስጣችሁ፦ የስሙን ፊደል አትመኑ። የባሌ ቤተሰብ ስም በአምስት ዓይነት ተጽፎ አግኝቼዋለሁ። የኔ ስም ራሱ በፓስፖርቱና በመንጃ ፈቃዱ ላይ አይመሳሰልም፤ ስለዚህ አልገረመኝም። ፋሚሊሰርች ላይ በምትጠራጠሩት ፊደል ቦታ ኮከብ ምልክት አድርጉ፤ ሁሉንም ያመጣዋል።

በ1868 የጋብቻ መዝገብ በኩል አንድ ሽማግሌ ላይ ደረስኩ። በ1871 ቆጠራ 70 ዓመታቸው ነው። ስለዚህ በ1801 ገደማ ተወልደዋል። ሸልበርን አውራጃ። ልቤ ዘለለ። በርችታውን ልደርስ የቀረኝ አንድ ትውልድ፣ ቢበዛ ሁለት!

እዚህ ላይ የሚከፈተው ታዋቂው መዝገብ ነው፤ «የኔግሮዎች መጽሐፍ» ይሉታል። በ1783 ኒውዮርክ ወደብ ላይ እንግሊዞች ወደ መርከብ የሚገቡትን ጥቁሮች አንድ በአንድ የመዘገቡበት ነው። ለምን ቢባል፣ ጆርጅ ዋሽንግተን ንብረታችንን መልሱ ብሎ ስለጠየቀ። የእንግሊዙ አዛዥ ጋይ ካርልተን አልመልስም፣ ግን እመዘግባለሁ አለ። ካሣ ቢጠየቅ እንዲከፈልበት የተያዘ ደረሰኝ በሉት። የመርከቡ ስም፣ የሰውየው ስም፣ ዕድሜ፣ መልክ፣ የማን ባሪያ እንደነበረ፣ መቼ እንደሸሸ ይጻፋል። መልክ የሚለው ዓምድ ያማል። ጠንካራ ሰውዬ፤ መልከ መልካም ገረድ፤ ያለቀለት። አንድን ሰው «ያለቀለት» ብሎ የጻፈ ብዕር! ሌሊት በእረፍት ሰዓቴ ስልኬ ላይ ሳነበው ከጎኔ የተኙት አዛውንት ሲያስሉ ደንግጬ ተነሳሁ። ግን ይህንኑ ገጽ ነው የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ እንደ ወርቅ የሚፈልጉት።

የቤተሰቡ ስም አለ። በ1784 በተደረገው የበርችታውን ቆጠራም አለ። ያኔ ባቆም ኖሮ ዛፉን ሞልቼ እተኛ ነበር። ግን በስድስት ዓመቷ የወለደችውን ሴትዮ አልረሳኋትም። የሰውየው ስም የጌታው ስም ነው፤ ያንን ስም የያዘ ሁሉ ዘመድ አይደለም። ደግሞ በጥር 1792 ወደ 1,200 የሚጠጉ ጥቁሮች በአሥራ አምስት መርከብ ከሃሊፋክስ ተነስተው ሴራሊዮን ሄደዋል፤ ፍሪታውንን የመሠረቱት እነሱ ናቸው። ስለዚህ በ1784 እዚህ የነበረ ሰው በ1801 እዚህ ልጅ ወለደ ማለት አይቻልም። ለመሄድ የተመዘገቡት የበርችታውን ሰዎች ዝርዝር አለ፤ አየሁት፣ የኛ ሰው የለበትም። ቀርቷል ወይም ሞቷል።

የጥምቀት መዝገብስ? እኛ ጋ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ይጠመቃል፤ ቀኑ የታወቀ ነው። እዚያ ከነበሩት ጥቁሮች ብዙዎቹ ባፕቲስት ሆኑ፤ ባፕቲስት ደግሞ ሕፃን አያጠምቅም። የአንግሊካኑን መዝገብ ገልብጬ የኛን ሰዎች አላገኘሁም። ከ1784 እስከ 1801 ያለችውን አሥራ ሰባት ዓመት የሚያስር ወረቀት እስካሁን በእጄ የለም። የተባበሩት ኢምፓየር ሎያሊስቶች ማኅበር የሚባል በ1914 በሕግ የተቋቋመ ድርጅት ለሎያሊስት ዘር የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ትውልድ ሁሉ በማስረጃ መታሰር አለበት። ስለዚህ አላመለከትንም።

በበጋው ቤተሰቡን ይዘን በርችታውን ሄድን። ከሃሊፋክስ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የጥቁር ሎያሊስቶች ቅርስ ማዕከል እዚያ ነው። የድሮው ቢሮ በ2006 በእሳት ተቃጥሎ ብዙ ሰነድ ጠፍቷል፤ አዲሱ ሕንፃ በ2015 ተከፈተ። ሂዱ፣ ግን ወፍራም ሹራብ ያዙ፤ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ በሐምሌም አይምርም። ልጄ ጫካው ውስጥ ያለውን ድንጋይ አይታ «እዚህ ላይ ምን ይዘራል?» አለች። ምንም።

ለቤተ መዛግብቱ አምስት ኮከብ። ክፍተቱ የነሱ ጥፋት አይደለም። ትዕግሥት የሌለው ሰው ግን አይሂድ፤ ማይክሮፊልም ስታሽከረክሩ ውላችሁ አንዲት መስመር ይዛችሁ የምትወጡበት ቀን ይበዛል።

አንድ ነገር ቀረኝ። በናና እናት በኩል ያለውን መስመር መጀመሪያ ንቄው ነበር፤ ሃሞንድስ ፕሌንስ የሚባል ከሃሊፋክስ ወጣ ያለ ሰፈር ነው የሚወስደው። እሱ ግን ያለ ክፍተት ወጣ። ጋብቻ፣ ቆጠራ፣ የመሬት ሰነድ፣ ሁሉም ተያያዘ። መጨረሻው 1815 ነው። ሎያሊስት አይደሉም። በ1812ቱ የእንግሊዝና የአሜሪካ ጦርነት ጊዜ ከአሜሪካ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ከባርነት አምልጠው በእንግሊዝ ባሕር ኃይል የመጡ ስደተኞች ናቸው፤ 2,000 ገደማ ነበሩ። ማለትም ሎያሊስት የመሰለን መስመር አልተረጋገጠም፤ የተረጋገጠው ሎያሊስት አይደለም።

ናና እንዳያዝኑ ፈርቼ ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። ሠላሳ ዓመት ያህል ዘግይቶ የመጣ ሌላ መርከብ ነው አልኳቸው።

«መርከቡ የንጉሡ ነው?»

«አዎ።»

«የቱ ንጉሥ?»

«ጆርጅ ሦስተኛ።»

«የፊተኛውስ?»

አሰብኩ። በ1783ም እሱ ነው፤ በ1815ም እሱ ነው።

«ታዲያ» አሉ ናና ወረቀቱን እየመለሱልኝ፣ «እኔ ምን አልኳችሁ?»