የቤት መብረቅ ጠቋሚ መሣሪያ ከአንድ ክረምት በኋላ፦ ርቀቱ ምን ያህል ይታመናል?

ካለፈው ግንቦት ጀምሮ አዲስ አበባ በሚገኘው ቤቴ አንድ አነስተኛ የመብረቅ ጠቋሚ መሣሪያ ስጠቀም ቆይቻለሁ። ውስጡ ያለው ኤኤስ3935 የተባለ ሴንሰር መብረቅ የሚለቀውን የሬዲዮ ሞገድ በ500 ኪሎኸርዝ አካባቢ ተቀብሎ እስከ 40 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ርቀት ይገምታል፤ አቅጣጫ ግን አይናገርም።

መሣሪያውን ለመፈተን የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊያውቅ የሚገባው፣ የሚታየው ቁጥር አንድ መብረቅ የወደቀበት ቦታ ርቀት አለመሆኑን ነው። ሴንሰሩ የተከታታይ ብልጭታዎችን ጉልበት አሰባስቦ የሚያሰላው የነጎድጓዳማው ደመና ግንባር ምን ያህል እንደቀረበ ነው። ንባቡም በእርከን ይዘላል፤ ከ8 ወደ 6፣ ከ6 ወደ 5፣ ከ5 ደግሞ በቀጥታ ወደ 1 ስለሚወርድ፣ 3 ወይም 7 ኪሎ ሜትር የሚል ንባብ ፈጽሞ አይገኝም።

ቅርቡን የፈተንሁት በነጎድጓድ ነው። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት፣ ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ ያሉትን ሰከንዶች ለ3 እያካፈልሁ ከንባቡ ጋር አስተያየሁ። ደመናው ከእንጦጦ በኩል ሲቀርብ ሁለቱ በሚያረካ ሁኔታ ተቀራረቡ፤ ዝናቡ አልፎ ሲሄድ ግን መሣሪያው ለተወሰነ ጊዜ ቅርብ ነው ማለቱን ይቀጥላል። ያለፉትን ብልጭታዎች በስሌቱ ውስጥ ስለሚያቆይ ይመስለኛል።

ለሩቁ መብረቅ ነጎድጓድ አይረዳም፤ ከ15 ኪሎ ሜትር ወዲያ እምብዛም አይሰማምና። ብሊትሶርቱንግ የተባለውን የበጎ ፈቃደኞች የመብረቅ መከታተያ መረብ ካርታ ብመለከትም፣ ጣቢያዎቹ በአፍሪካ እጅግ የተራራቁ ስለሆኑ ካርታው ላይ ያልታየውን ሁሉ የሐሰት ማንቂያ ብሎ መፈረጅ ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም። መለኪያው ራሱ ከሚለካው ነገር የበለጠ እርግጠኛ መሆን አለበት። በፍሎሪዳ ካምፕ ብላንዲንግ ተመራማሪዎች ቀጭን ሽቦ የሚጎትት ሮኬት ወደ ደመና እየተኮሱ መብረቅን በታወቀ ቦታና ሰዓት የጠሩት፣ የአሜሪካን ብሔራዊ የመብረቅ መረብም በዚያ የፈተኑት ስለዚህ ነው።

ትልቁ ችግር የሐሰት ማንቂያ ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣዱ በበራና በጠፋ ቁጥር መሣሪያው ይጮኽ ነበር። ከወጥ ቤቱ አርቄ የኤሌክትሪክ ረብሻ መከላከያውን ከፍ ሳደርግ ጩኸቱ በእጅጉ ቀነሰ፤ በምትኩ ደካማ የሆኑ ሩቅ ብልጭታዎች ያመልጡታል፤ ይህን ልውውጥ ማንኛውም ገዢ በየቤቱ ማመጣጠን ይኖርበታል።

ልብስ ለማስገባትና ልጆችን ከሜዳ ለመጥራት ለሚፈልግ ቤተሰብ መሣሪያውን ያለማመንታት እመክራለሁ። መብረቁ የወደቀበትን ትክክለኛ ቦታ ለሚሻ ግን አንድ ሣጥን አይበቃም፤ ሞገዱ የደረሰበትን ቅጽበት የሚያነጻጽሩ ብዙ ጣቢያዎች ያስፈልጋሉ፤ በእነርሱም ዘንድ የአንድ ማይክሮ ሰከንድ ስሕተት 300 ሜትር ያህል ርቀት ማለት ነው።