ኦቾሎኒ የማይስማማት ልጅ ይዤ የምገባባት ከዚራ ያለች ቁርስ ቤት

ድሬ ውስጥ ኦቾሎኒ የማይነካው ምግብ መፈለግ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ያየው ያውቀዋል። የኦቾሎኒው አገር ባቢሌ እዚሁ አፍንጫችን ስር ነው፣ ኦቾሎኒው በየመንገዱ በወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጣል፣ ባጃጅ ውስጥ ሰው እየፈለፈለ ይበላል፣ ጁስ ቤቱ ጁስ ውስጥ ይፈጨዋል፣ ኬክ ቤቱ ኬክ ላይ ይበትነዋል፣ ጾም ሲገባ ደግሞ ማኪያቶውን ሳይቀር በኦቾሎኒ ወተት የሚሰሩ አሉ። ልጄ ከባድ የኦቾሎኒ አለርጂ አለባት፣ ስለዚህ እኛ ቤት ስንመርጥ ጣዕም የሚመጣው ሁለተኛ ነው።

ቤቷ ከዚራ ዛፎቹ ስር ናት፣ ከባቡር ጣቢያው በእግር ብዙም አትርቅም። ስሟን ያልጻፍኩት ባለቤቷ ለምናኝ ነው፣ "ገና እየተማርን ነው፣ ሰው ሙሉ በሙሉ አምኖን መጥቶ አንድ ነገር እንዳይሆንብኝ" አለችኝ፣ እንዲህ የምትል ባለቤት ደግሞ ከሁሉም በላይ አምናታለሁ።

ምግቡ በጣም ጥሩ ነው። ፈጢራ የሚሰራው ልጅ ሊጡን ፊታችሁ እብነበረዱ ላይ እየጎተተ ማዶው እስኪታይ ያሳሳዋል፣ እንቁላሉን መሀል አድርጎ ያጥፈዋል፣ ሲመጣ ጠርዙ ይንኮሻኮሻል መሀሉ ለስላሳ ነው፣ ማሩን ለብቻ በትንሽ ሳህን ስለሚያመጡት እንደፈለጋችሁ ታደርጋላችሁ። ፉሉ ላይ ቃሪያና ሽንኩርቱ አይሰሰትም፣ ዳቦው ትኩስ ነው። ሻዩ ሄል አለው፣ ለኔ ስኳሩ በዛብኝ። ዋጋው ከጎረቤት ቤቶች ትንሽ ከፍ ይላል ግን ሁለት ፈጢራ ለሶስት ሰው ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። መጀመሪያ የገባን ቀን አስተናጋጁን "ወንድሜ ልጄ ኦቾሎኒ አለርጂ አለባት፣ ምን ላይ አለባችሁ?" አልኩት፣ እሱም "ቆይ እህቴ ውስጥ ልጠይቅልሽ" ብሎ ገባ። በቃ ይቺን ነው የምፈልገው። ሌላ ቦታ የሚመለስልኝ "አቦ አብሽር ምንም የለውም" ነው፣ ሳይጠይቅ፣ ደግነቱ ከልቡ እንደሆነ አውቃለሁ ግን ኩሽና ውስጥ ምን እንዳለ እሱም አያውቅም። እዚህ ግን ባለቤቷ ራሷ ወጣችና "ስትበላው ብቻ ነው ወይስ ትንሽ ፍርፋሪ ቢነካባትም ያማታል?" ብላ ጠየቀችኝ፣ ይሄን ጥያቄ ከምግብ ቤት ሰው ሰምቼው አላውቅም። ከዛ ስፔሻል ፈጢራው ላይ የተወቀጠ ኦቾሎኒ እንደሚበትኑና እዛው እብነበረድ ላይ እንደሚሰራ ነገረችኝ፣ ለልጄ ሊጡን በታጠበ ትሪ ላይ አዘረጋችላት፣ ሌላ መጥበሻ አወጣች፣ ዘይቱን ከአዲስ ጠርሙስ ቀዳች፣ ልጁም እጁን በሳሙና ታጥቦ ነው የጀመረው። "ጁስ ግን እንዳታዢላት፣ መፍጫችን አንድ ነው" አለችኝ። ሽያጭ እየቀረባት እውነቱን ነገረችኝ።

ለምን ይሄን ሁሉ እንደማካብድ ለማይገባው ሰው ልንገረው። ከተማችን ውስጥ ሌላ ቤት (ስም አልጠራም) "ኦቾሎኒ የለበትም" ብለው ያመጡላት ኬክ ላይ ለካ ከላይ ያለውን በማንኪያ አንስተውላት ነበር። ከንፈሯ አበጠ፣ ሰውነቷ ሽፍ አለ፣ ድምጿ ተቀየረ፣ ድንገተኛ ክፍል አድርሰናት አድሬናሊን ሲወጉላት ነው የተመለሰችው። ከላይ ማንሳት ዋጋ የለውም፣ የሚጎዳት ኦቾሎኒው ውስጥ ያለው ፕሮቲን ነው፣ ለአንዳንድ ሰው በአይን የማይታይ ቅሪት ይበቃዋል፣ ዘይት ውስጥ ስለጋለም አይጠፋም። የማሳከክ ኪኒን ሽፍታውን ያስታግሳል እንጂ ጉሮሮ ሲዘጋ አያድንም፣ ያኔ የሚሰራው ጭን ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው፣ እሱን ደግሞ በእጅ ይዞ ለመዞር እኛ ሀገር እንደልብ አይገኝም፣ ስለዚህ ለኛ መከላከያው ኩሽናው ነው።

ቅር ያለኝም አለ። በር ላይ ለእጅ ሳኒታይዘር ብቻ ነው ያለው፣ ሳኒታይዘር ደግሞ ጀርም ይገድል እንደሆነ እንጂ የኦቾሎኒ ቅሪት ከእጅ ላይ አያነሳም፣ ውሃና ሳሙና ነው የሚያነሳው፣ ነግሬያቸዋለሁ። ሜኑው ላይ ስፔሻል ፈጢራ ስፔሻል ፉል ይላል፣ ስፔሻሉ ውስጥ ምን እንዳለ አይልም። ደግሞ አንድ ማታ ባለቤቷ በሌለችበት ሄደን አዲሱ አስተናጋጅ ምንም አያውቅም ነበር፣ ደወለላት ጠየቃት ተመስገን፣ ግን ስልኳ ቢዘጋስ? እውቀቱ አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ መሆን የለበትም፣ ኩሽናው ግድግዳ ላይ በአማርኛ በኦሮምኛ በሶማሊኛ ተጽፎ ቢለጠፍ ማንም የገባ ያነበዋል።

ከባድ ነገር አይደለም የምጠይቀው። አውሮፓ ህብረት ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ምግብ ቤት ሁሉ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ አሳ እያለ እስከ 14 የሚደርሱ ነገሮች ምግቡ ውስጥ ካሉ ለበላተኛው የማሳወቅ ግዴታ አለበት፣ አሜሪካም በ2023 ሰሊጥን የታሸገ ምግብ ላይ መጻፍ ካለባቸው ጋር ጨምራዋለች። እኛ ህጉ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም፣ አንድ መጥበሻ ለብቻ ማስቀመጥና አንድ ወረቀት መለጠፍ ስንት ብር ነው? የኦቾሎኒ ብቻም አይደለም፣ ወተት የማይስማማው ሰው የተነጠረ ቅቤ ውስጥም የወተት ፕሮቲን ሊቀር እንደሚችል የሚነግረው የለም፣ ስንዴ የማይበላ ሰው እንጀራው ጤፍ ብቻ ይሁን የተቀላቀለ ይሁን የሚያረጋግጥለት አያገኝም። ሀረር ጁገል ገብቼ ሀልዋ ሳይ ልጄን እጇን ይዤ የማልፈው ምን ምን እንደገባበት ሻጩ ጋ ስጠይቅ "ጣፋጭ ነው ቅመሺው" ስለምባል ነው።

የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ ስፔሻል ትዕዛዝ ሳይበዛና እብነበረዱ ገና ንጹህ ሆኖ። ስትገቡ ከመቀመጣችሁ በፊት ተናገሩ፣ ትንሽ ነው ብላችሁ አታቅልሉት፣ ባለቤቷን ጥሩልኝ በሉ፣ እሷ ከሌለች ሻይ ጠጥታችሁ ለልጁ ከቤት የያዛችሁትን ስጡት፣ ማንም አይቆጣችሁም፣ እኔ አድርጌዋለሁ። ለምግቡ ከአምስት አራት ሰጥቻለሁ፣ ለጥንቃቄው አራት ተኩል፣ መፍጫ ሁለተኛ የገዙ ቀን ተመልሼ አስተካክለዋለሁ።