ፋይሉ የሚለው ሌላ፣ ኮርኒሱ ላይ የሚበራው ሌላ

መብራት ልትገዙ ነው? ሻጩ የፎቶሜትሪክ ፋይል (መብራቱ ወደየት አቅጣጫ ስንት እንደሚያበራ በቁጥር የያዘ ፋይል) ልኮላችሁ፣ ሬቪት ወይም ዳያሉክስ የሚባሉት የንድፍ ሶፍትዌሮች ውስጥ አስገብታችሁ ቁጥሩ አማረላችሁ? እንግዲያው ቅድመ ክፍያውን ከመልቀቃችሁ በፊት ይህችን አንብቡ። እኔ የነቃሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው።

12 ሜትር በ12 ሜትር የሆነ የቢሮ አዳራሽ ነበር። ሰዎች ቀኑን ሙሉ የሚያነቡበትና የሚጽፉበት። ለእንዲህ ያለ ሥራ የአውሮፓው ኢኤን 12464-1 መስፈርት ጠረጴዛ ላይ 500 ሉክስ ይጠይቃል፤ ሉክስ ማለት አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ ነው። አንድ አቅራቢ 60 በ60 ሴንቲሜትር የሆነ ባለ 40 ዋት ኤልኢዲ ፓኔል አቀረበልኝ። ዋጋው ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ነበር። «ወንድሜ፣ እኔን አትመን። ይኸው ፋይሉ፣ ራስህ ሞክረው» አለኝ። እንዲህ የሚል ሰው ይጠረጠራል? በዕቃው የሚተማመን ነው የመሰለኝ።

ሞከርኩት። 18 ፓኔል ደረደርኩ። አማካዩ 507 ሉክስ መጣ። ሬንደሩም፣ ማለትም ሶፍትዌሩ የሠራው ስዕል፣ ፏ አለ። ከፈልኩ፣ መጣ፣ ተገጠመ።

ማታ ስናበራው አዳራሹ ደብዘዝ ብሏል። መጀመሪያ ዓይኔን ጠረጠርኩ። ከዚያ ሉክስ ሜትር ተውሼ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ዞርኩ። 362፣ 341፣ 318... አማካዩ 340 ገደማ። ገና ከካርቶን የወጣ፣ አቧራ ያልነካው መብራት ነው ይህ!

አቅራቢው ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ ጥፋቱ የግድግዳው ቀለም ሆነ። ቀጥሎ የሉክስ ሜትሩ። ቀጥሎ የሶፍትዌሩ። በመጨረሻ «ፋይሉ እኮ ለመነሻ ሐሳብ ያህል ነው» አለኝ። ያኔ ነው ፋይሉን በኖትፓድ የከፈትኩት። መክፈት የነበረብኝ በመጀመሪያው ቀን ነበር።

ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ ይህ የአይኢኤስ የሚባለው የፎቶሜትሪክ ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው። ቅርጹን የሰሜን አሜሪካው የመብራት ምህንድስና ማኅበር ኤልኤም-63 ብሎ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። የተቆለፈ ነገር የለውም፣ ማኅተም የለውም። ማንም ከፍቶ ቁጥር ቀይሮ ሴቭ ማድረግ ይችላል። ሶፍትዌሩም «ይህን ማን ነካው?» ብሎ አይጠይቅም። የተሰጠውን ይደምራል፣ ያባዛል፣ በቃ።

ከላይ ያሉት መስመሮች የአምራቹን ስም፣ የዕቃውን ኮድ፣ የፈተነውን ላብራቶሪና የፈተናውን ቁጥር ይይዛሉ። «ቲልት» የሚለውን መስመር ስታልፉ አሥር ቁጥሮች ተደርድረው ታገኛላችሁ። የእኔው እንዲህ ይላል፦

1 -1 1.45 37 1 1 2 0.6 0.6 0

የመጀመሪያው 1 የአምፖሉ ብዛት ነው። -1 ደግሞ ለኤልኢዲ የተለመደ ነው፤ መብራቱ ከነአካሉ ተለክቷል፣ ለብቻው የሚጠቀስ የአምፖል ሉመን (አጠቃላይ የሚወጣው ብርሃን) የለም ማለት ነው። ሦስተኛው ላይ ቁሙ። 1.45። ይህ ማባዣ ነው። ከታች ያለው የካንዴላ (ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ ብርሃን ጥንካሬ) ቁጥር ሁሉ በእሱ ይባዛል። ማለትም አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ አንዲት ቁጥር ነክቶ፣ ብርሃኑን በ45 በመቶ አሳደገው። እኔ ደግሞ በዚያ ስሌት አዳራሽ ሙሉ መብራት ገዛሁ።

ካርቶኑን አነሳሁ። 40 ዋት፣ 4000 ሉመን ይላል። ዳያሉክስ ውስጥ ያው ፓኔል 5800 ሉመን ነው። 4000 በ1.45 ሲባዛ ስንት ነው? 5800። አፌን ያዝኩ። እውነቱ ካርቶኑ ላይ ተጽፎ፣ ውሸቱ ኮምፒውተሬ ውስጥ ተቀምጧል።

ፍትሐዊ ልሁንና፣ ከ1 የተለየ ማባዣ ሁሉ ማጭበርበር አይደለም። አምራቾች አንዱን ዓይነት ላብራቶሪ ውስጥ ይለኩና ለወንድሞቹ በስሌት ያስተካክሉታል። ነገር ግን ያንን ያደረገ ሰው ይናገራል። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው የኤልኤም-63 እትም ፋይሉ በላብራቶሪ የተለካ ይሁን፣ በኮምፒውተር የተመሰለ ይሁን፣ ወይም በስሌት የተስተካከለ ይሁን የሚገልጽ ቦታ ተሰጥቶታል። የእኔው ፋይል ላይ የላብራቶሪው መስመር ባዶ ነበር። ባዶ! ያን ብቻ ባይ ኖሮ ይበቃኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሚላክልኝን ፋይል ሁሉ መበርበር ልማድ ሆኖብኛል። አንዱ ጋ የ40 ዋቱና የ60 ዋቱ ፋይል የካንዴላ ዝርዝራቸው አንድ ዓይነት ሆኖ፣ የተለየው ስማቸው ብቻ ነው። ሌላው ጋ ፋይሉ ስሙ ሌላ፣ ውስጡ ያለው የዕቃ ኮድ ሌላ። አንድ ረጅም የመስመር መብራት ደግሞ አግድም ማዕዘኑ፣ ማለትም ዙሪያውን የተለካበት አቅጣጫ፣ አንድ ብቻ ነው። ረጅም መብራት በቁመቱና በወርዱ አቅጣጫ እኩል አያበራም፤ ስለዚህ ያ ፋይል ወይ የሌላ መብራት ነው ወይ በግምት የተሞላ። ሰባተኛዋን ቁጥርም እዩ። 1 ከሆነች ልኬቱ በጫማ ነው፣ 2 ከሆነች በሜትር። እዚህ ላይ የሚገኘው ስህተት ብዙ ጊዜ ቸልተኝነት ነው፣ ተንኮል አይደለም።

ሻጩ ለሬቪት የተዘጋጀ ፋሚሊ (የመብራቱን ሞዴል የያዘ ፋይል) ከላከላችሁ ደግሞ ፋይሉን ብቻ አትዩ። ፋሚሊው ውስጥ «ኢኒሻል ኢንቴንሲቲ» የሚል ቦታ አለ። እዚያ የተጻፈው ቁጥር የብርሃኑን ቅርጽ ሳይነካ መጠኑን ይቀይረዋል። ፋይሉ ንጹሕ ሆኖ ፋሚሊው ሊዋሽ ይችላል።

በሬንደር ደግሞ ጨርሶ እንዳትታለሉ። ሬንደር የሚያወጣው ሶፍትዌር እንደ ካሜራ ኤክስፖዠር አለው። ብርሃን ሲያንሰው ራሱ ያነሳዋል። 340 ሉክስም 500 ሉክስም ስዕሉ ላይ ያው ፏ ያሉ ናቸው። መጠየቅ ያለባችሁ ሉክሱ ነጥብ በነጥብ የተጻፈበትን ወረቀት ነው።

የራሴን ጥፋትም አልደብቅም። የብርሃን ቅነሳውን ቁጥር 1 ላይ ትቼው ነበር። መብራት ያረጃል፣ አቧራ ይጠጣል፤ ለንጹሕ ቢሮ ቢያንስ 0.8 ማስገባት ነበረብኝ። እውነተኛውን 4000 ሉመንና 0.8ን አስገብቼ እንደገና ሳሰላው፣ ያ አዳራሽ የሚፈልገው 18 ሳይሆን 33 ፓኔል ገደማ ሆኖ ተገኘ። እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው። «ርካሽ» ያልኩት ዕቃ ርካሽ ያልሆነው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ከመግዛቴ በፊት የማደርገውን ልንገራችሁ። አንድ ናሙና እቀበላለሁ። ማታ፣ ሌላ መብራት ሁሉ ጠፍቶ፣ ከወለሉ 3 ሜትር ከፍታ ላይ አንጠለጥለዋለሁ። 3 ሜትር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ርቀቱ የመብራቱን ትልቁን ጎን አምስት እጥፍ መሆን አለበት፣ 0.6 በ5 ደግሞ 3 ነው። ጥቂት ከበራ በኋላ ሉክስ ሜትሩን ቀጥታ ከሥሩ ወለሉ ላይ አስቀምጣለሁ። ከዚያ ፋይሉ ውስጥ የዜሮ ዲግሪውን፣ ማለትም ቀጥታ ወደ ታች የሚወርደውን ካንዴላ እፈልጋለሁ፣ ማባዣ ካለ አባዛለሁ፣ ለ9 አካፍላለሁ። 9 የመጣው 3 ሜትር በራሱ ሲባዛ ነው።

ያንን የተረገመ ፓኔል በዚህ መንገድ ፈተንኩት። ፋይሉ 1273 ካንዴላ ይላል፣ በ1.45 ሲባዛ 1846። ለ9 ሲካፈል 205 ሉክስ መሆን ነበረበት። ሜትሩ 139 አለ። ማባዣውን ትቼ 1273ን ብቻ ለ9 ሳካፍል 141። ሁለት ሉክስ ብቻ ነው የሳተው። ከግድግዳ የሚመለስ ብርሃን ደግሞ ንባቡን ከፍ ያደርጋል እንጂ ዝቅ አያደርግም፤ ስለዚህ «ክፍልህ ነው ችግሩ» የሚል መልስ አይሠራም።

ውሉ ላይም አንድ መስመር አስገቡ። ክፍያው የሚያልቀው ተገጥሞ፣ ተለክቶ፣ የተባለው ሉክስ ሲገኝ ይሁን። የፈተና ሪፖርቱን ከነቁጥሩ ጠይቁ፤ ኤልኢዲ ከሆነ በኤልኤም-79፣ ማለትም በኤልኢዲ መብራት መለኪያ መስፈርት፣ የተሠራ ይሁን። ፋይሉ ውስጥ ያለው ዋትና ሪፖርቱ ላይ ያለው ዋት አንድ መሆኑንም እዩ። የእኔ ውል «18 ፓኔል ይቀርባል» ብቻ ነበር የሚለው። ቀረበ። ስለዚህ አቅራቢው «ተገጥሟል፣ አይመለስም» ሲለኝ የምከራከርበት ወረቀት አልነበረኝም።

ለቀሩት 15 ፓኔሎች ሌላ ሻጭ ጋ ሄጃለሁ። ፋይሉ ማባዣው 1 ነው፣ ዋቱም ይገጥማል። የላብራቶሪው መስመር ግን አሁንም ባዶ ነው። ሪፖርቱን ጠይቄ «ነገ» ከተባልኩ ሳምንት አልፎኛል። አልከፈልኩም።