በማልታ የኖራ ድንጋይ ጉድጓድ ላይ የተፈተነ የውሃ ጨዋማነት መለኪያ

ከእስክሪብቶ እምብዛም የማይበልጠውን ይህን መለኪያ የገዛሁት፣ በምሠራበት የማልታ እርሻ የፎሶሊያው ቅጠል ዳር ዳሩን መቃጠል ሲጀምር ነው። አንድ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ስለተጠቀምኩበት ጥቅሙንም ጉድለቱንም አውቄዋለሁ ብዬ አምናለሁ።

መሣሪያው የሚለካው ጨውን ራሱን ሳይሆን ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታውን ነው፤ በውሃው የሟሟው ጨው ሲበዛ ቁጥሩም ይጨምራል። ማልታ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የላትም፤ በዓመት በአማካይ 550 ሚሊሜትር ገደማ ከሚዘንበው ዝናብ ከፊሉ በኖራ ድንጋዩ ስንጥቆች ሰርጎ ይወርድና ከሥር በገባው የባሕር ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከባሕር ውሃ ይቀላልና። ይህ ሚዛን በጣም ስስ ነው። የከርሰ ምድር ውሃው ከባሕር ጠለል 1 ሜትር ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ ከጠለሉ በታች ወደ 40 ሜትር የሚጠጋ ጨው አልባ ውሃ አለ ማለት ነው፤ ፓምፑ ያንን ከፍታ በ10 ሴንቲሜትር ብቻ ዝቅ አድርጎ ካቆየው ግን ጨዋማው ውሃ ውሎ አድሮ 4 ሜትር ያህል ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ቦታ ጉድጓድ ያለው ሰው ውሃውን በዓመት አንድ ጊዜ ማስመርመሩ አይበቃውም።

መጠኑ አስቀድሞ በታወቀ፣ ባለ 1413 ማይክሮሲመንስ (ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታ መለኪያ አሃድ) ማስተካከያ ፈሳሽ ውስጥ ስነክረው 1390 ስላሳየኝ በትክክለኛነቱ ረክቻለሁ። የጉድጓዱ ውሃ ሌሊት አርፎ ጠዋት 2100 ገደማ ሲሆን፣ ቀኑን ሙሉ ሲሳብ ከዋለ በኋላ 2900 ደረሰ። የእርሻው ባለቤት እነዚህን ቁጥሮች በደብተር ሰፍረው ሲያዩ ፓምፑን በአጭር በአጭር ጊዜ እየከፈቱ ለማሠራት ተስማሙ፤ ከዚያ ወዲህ የማታው ንባብ ከ2400 አላለፈም። ለእኔ የመሣሪያው ትልቁ ዋጋ ይህ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በ20 ዲግሪ ሙቀት 2500 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር ሲሆን፣ ይህ መሣሪያ ግን ንባቡን ወደ 25 ዲግሪ ስለሚቀይረው ሁለቱን እንዳሉ ማወዳደር ስህተት ነው። መመሪያ ወረቀቱ ይህን አንድም ቦታ አይገልጽም፤ እንደ ከባድ ጉድለት እቆጥረዋለሁ። ሌላው ጉድለት፣ ከኖራ ድንጋይ የሟሟውን ካልሲየም፣ ከማዳበሪያ የመጣውን ናይትሬትና ከባሕር የገባውን ክሎራይድ አለመለየቱ ነው። የክሎራይድ መመርመሪያ ወረቀት አብሮ መግዛት የግድ ነው፤ የባሕር ውሃ በሊትር 19000 ሚሊግራም ገደማ ክሎራይድ ስላለው፣ 1 ሊትር ተኩል ያህሉ ከመቶ ሊትር ጨው አልባ ውሃ ጋር ቢቀላቀል እንኳ ለመጠጥ ውሃ ክሎራይድ የተቀመጠውን በሊትር 250 ሚሊግራም ወሰን ያሳልፋል። ናይትሬትንና ጀርሞችን በተመለከተ ከቤተ ሙከራ በቀር ሌላ መልስ የለም።

አገር ቤት ላለ ዘመድ ልላክ ለሚል ሰው ደግሞ አንድ ነገር ማሳሰብ እወዳለሁ፦ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ዋነኛ ችግር ፍሎራይድ ነው፤ ለጤና የሚያሰጋው መጠን በሊትር ከጥቂት ሚሊግራም ስለማይበልጥ ይህ መለኪያ ፈጽሞ አይጠቁመውም። በማልታ የቧንቧ ውሃ ለሚጠቀምም ቢሆን እምብዛም አያስፈልግም፤ ከቧንቧው የሚመጣው ከ1982 ወዲህ እየተስፋፋ በመጣው የባሕር ውሃ ማጣሪያና በጉድጓድ ውሃ ቅልቅል ነው።

ጉድጓድ ላላቸው ግን ያለማመንታት እመክራለሁ፤ ከተጠቀሙበት በኋላ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። እኔ ይህን ስላላደረግኩ ነጭ የኖራ ቅርፊት ጫፉ ላይ ጋግሮ ለሁለት ሳምንት ያህል ከእውነተኛው ያነሰ ቁጥር ሲያሳየኝ ቆይቷል፤ በሆምጣጤ ዘፍዝፌ ካጠብኩት በኋላ ነው ወደ ቀድሞው የተመለሰው።